ለመያዣ ቤት የተጠየቀው ክፍል

በዚያ ቀን ክፍሉ ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበርን። መቀመጫ ስላልነበረ ሁላችንም ቆመናል። የእድራችን ሊቀመንበር፣ ጡረታ የወጡት መምህር፣ በመንገዱ በር በኩል አንድ እግራቸውን ደፉ ላይ አድርገዋል። ከእሳቸው ቀጥሎ፣ ከመንገዱ ማዶ ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ ትከሻቸውን መቃኑ ላይ ደገፍ አድርገው ቆመዋል። የንስሐ አባቴ መስኮቱ አጠገብ ናቸው፤ ጊዜው ፍልሰታ ነበርና ቅዳሴ እንዳይረፍድባቸው በየመሀሉ ወደ ውጭ ያያሉ። ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ እጇን አጣምራ፣ ድሮ የልብስ ስፌት መኪናው በነበረበት ጥግ ቆማለች። መሀል ላይ የቆመው፣ የመለኪያ ሜትር በእጁ የያዘው ሰው ክፍሉን ሊከራይ የመጣ ነው። እኔ ወደ ቤቴ የሚያስገባው የውስጥ በር ላይ ነበርኩ።

ክፍሉ የእኔ ነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ደብተርና እስክርቢቶ እንሸጥበታለን ብሎ የሠራው ነው፤ ደብተሩ ግን ብዙም አልሄደልንም። ከዚያ በኋላ አንድ ልብስ ሰፊ ለብዙ ዓመት ተከራይቶት ኖረ። ሥራ ሲቀዘቅዝበት፣ መንገዱም ሲዘጋና ሲከፈት፣ መኪናውን ጭኖ ወደ ትውልድ ቦታው ወደ ሐሙሲት ተመለሰ። የቀረው ሲሚንቶው ላይ የዘይት ጠባሳ ብቻ ነው፤ ብፈትገው ብፈትገው አልለቅ አለኝ።

ባሕር ዳር ያለችው ልጄ ቤቱን ሸጬ እንድመጣ ስትወተውተኝ ከርማለች። የምትለው ውሸት የለበትም። ቆርቆሮው በበረዶ ብዛት ተበሳስቷል፣ ጡረታዬ ደግሞ ለሆድ እንጂ ለጣሪያ አይተርፍም። በመጨረሻ አንድ ነገር ላይ ተስማማን። እስከ መስከረም ክፍሉ ተከራይ ካገኘ በኪራዩ ቤቱን አሳድሼ እዚሁ እቀራለሁ፤ ካላገኘ ሸጬ እሄዳለሁ። ቃሌን ሰጠኋት። ደብረ ታቦርን መልቀቅ አልፈልግም ነበር። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ሰውየው የመጣው በሐምሌ መጨረሻ ነው። ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ጫማው ጭቃ ያልነካው፣ ንግግሩ የተቆጠበ ሰው ነው። አዲስ አበባ ወርቅ ቤት ሲሠራ ኖሯል። ሊከፍት ያሰበውን ሲነግረኝ አልሸፋፈነውም፤ የቸገረው ሰው የአንገት ወርቁን፣ የብር ጌጡን፣ ቴሌቪዥኑን ያመጣል፤ እሱ ዕቃውን በመያዣ ይዞ ገንዘብ ያበድራል፤ ሰውየው በቀጠሮው ከነወለዱ ሲመልስ ዕቃውን ይወስዳል፤ ካልመለሰ ይሸጣል። ኪራዩ ልብስ ሰፊው ከሚከፍለው በጣም የተሻለ ነበር። ላስብበት አልኩት።

ሰፈሩ ግን ለማሰቢያ ጊዜ አልሰጠኝም። ወሬው በዚያው ቀን ማታ ሐጂ ሱቅ ደርሶ፣ በማግስቱ ከወንዝ ማዶ ተሰማ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ለመረዳት እኛ ሰፈር ዕቃ እንዴት እንደሚኖር ማወቅ ያስፈልጋል።

እኛ ዘንድ ዕቃ የሚኖረው በትውስት ነው። ትልቅ ድስት፣ ትሪ፣ ብርጭቆ፣ የሙሽራ ካባ፣ የአንገት ጌጥ፣ ሁሉም ከቤት ቤት ይዞራል። «መልሺልኝ» አይባልም፤ ነውር ነው። ባለቤቷ በፈለገችው ጊዜ መመለስ የለም፤ ሌላ ቤት ድግስ ሲመጣ ዕቃው ከነበረበት ተነሥቶ ወደዚያ ይሄዳል። እንዳይጠፋ ሴቶች ከድስቱ ሥር በጥፍር ቀለም ምልክት ያደርጉበታል፤ ቀለሙ ደግሞ በእሳት ይላጥና ቀጥላ ያገኘችው የራሷን ትቀባበታለች። እኔ ራሴ በየትኛው ቤት ምን እንዳለኝ ብጠየቅ ግማሹን አልመልስም። ይህ ለብዙ ዘመን ያለ ጠብ ኖሯል።

የመያዣ ቤቱ ወሬ በተሰማ በሳምንቱ ግን ሴቶች በየደጃፉ መዞር ጀመሩ። መጀመሪያ የመጣችው ያችው ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ናት።

«እትዬ፣ ያ ድስት… የማይሠሩበት ከሆነ…»

«ከፋሲካ ጀምሮ እኔ ጋ ነው። ውሰጂው።»

«እንዲያው ልጠበው ብዬ ነው እንጂ።»

«እኔም አጥቤው ነበር» አልኳት።

ድስቱን አውጥቼ ሳላስረክባት የታችኛው ሰፈር ሴት ደረሰች። ድስቷ እኔ ጋ እንዳለ ሰምታ ነው የመጣችው። ገለበጥነው። ሥሩ ላይ ቀይም ሰማያዊም ቀለም አለ። አንዷ በአንድ ጆሮው፣ አንዷ በሌላው ይዘው ቆሙ፤ ሁለቱም ፈገግ ለማለት ይሞክራሉ፣ አንዳቸውም ግን አይለቁም። በመጨረሻ ጎረቤቴ ለቀቀች። ቤቷ ገብታ በሩን ስትዘጋ ድምፁ ተሰማኝ።

ከድስቱ ይልቅ ሰፈሩን ያመሰው ካባው ነው። እኛ ሰፈር በብዙ ሠርግ የተለበሰ አንድ ባለ ወርቅ ዘቦ ካባ አለ። ፍለጋው ሲጀመር ማን ጋ እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ። በስልክ ተጠያየቁ፣ ተወነጃጀሉ። በስተኋላ አንበሳሜ ከተማ ተገኘ፤ አንዷ ለወንድሟ ልጅ ሠርግ ልካው፣ ከዚያ የሙሽራዋ ዘመዶች ለሌላ ሠርግ ወስደውት ነው። መጀመሪያ ማን እንደገዛው ሲጠየቅ ደግሞ የገዛችው ሴት ከሞተች ቆይታለች፣ ልጅም የላትም።

«እንግዲያ ካባው የማንም አይደለም ማለት ነው» አለች ጎረቤቴ። «የማንም ካልሆነ ማንም ወስዶ ሊያሲዘው ነዋ!»

በዚያ ሰሞን ጠዋት ጠዋት ደጃፌ ላይ ስቆም ሴቶች በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በብብታቸው ይዘው ሲያልፉ አያለሁ። ሰላምታው አጠረ። መያዣ ቤቱ ገና በሩን አልከፈተም፤ አንድ ማንኪያ እንኳ አልተያዘም። ነገሩን አልወደድኩትም።

ይህን ያዩት መምህር፣ ሰው በሌለበት ሰውን ማማት ደግ አይደለም ብለው ሰውየው ራሱ ባለበት እንድንነጋገር ጠየቁ። እሱም ለመደርደሪያው ግድግዳውን ሊለካ የሚመጣበትን ቀን ነገረን። እንዲህ ነው ሁላችን እዚያ ባዶ ክፍል ውስጥ የቆምነው።

መምህር ጀመሩ። «ወንድሜ፣ ለአንተ ጥላቻ የለንም። ግን መያዣ ቤት ባለበት ሌባ ይለምዳል። የሰረቀውን የሚጥልበት ካገኘ እጁ ይፍታታል።»

«መታወቂያ ሳላይ አልቀበልም፣ መምህር» አለ ሰውየው።

«ሌባ መታወቂያ የለውም ያለህ ማነው?» አሉ ሐጂ። «እንዲያውም የእኛ ነው የሚጠፋው፤ የእሱ ሁሌም ኪሱ ውስጥ ነው።»

ሰውየው ፈገግ አለ። ሜትሩን ሳበና መልሶ ለቀቀው።

አባ ስለ ወለድ የሚሉትን ሁላችንም እናውቀው ነበር፤ እሳቸውም ማወቃችንን ስለሚያውቁ አሳጠሩት። «እኔ የምፈራው ሌላ ነው» አሉ። «ሰው ሲቸግረው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የጎረቤቱን በር ነበር። ደጃፉ ላይ ይህ ከተከፈተለት ጎረቤቱን ምን ብሎ ይፈልገዋል?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባታችን» አለ ሰውየው። «ጎረቤት ይሰጣል፤ ሰጥቶ ግን ያወራል። የማን ልጅ ለትምህርት ቤት ክፍያ እንደተቸገረ፣ የማን ባል ደመወዙን እንዳጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። እኔ ጋ የመጣ ሰው ዕቃውን ይሰጠኛል፣ ገንዘቡን ይወስዳል። እኔ አላወራም።»

ጎረቤቴ የዘይቱን ጠባሳ በጫማዋ ጫፍ ታሻለች። እኔ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው ሠርቼ ጡረታ የወጣሁት፤ ገመናው እንዳይወራበት ሲል ሰው ምን ያህል ሩቅ መንገድ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ከገሳይ ድረስ መጥቶ እኛ ጋ የሚታከም ነበር፤ የገሳይ ሰው ደግሞ እንዳይታይ ባሕር ዳር የሚሄድ። ስለዚህ ሰውየው በዚህስ ልክ ነው ብዬ አሰብኩ። ክፍሉን ልሰጠው ልቤ የከጀለው ያን ጊዜ ነው።

ቀጥለው የተናገሩት ሐጂ ናቸው።

«እኔ እውነቱን ልናገር። ወለዱ በእኛም ሐራም ነው፤ እሱን ለአላህ ትቼዋለሁ። ግን መያዣ ቤት ከፊቴ ከተከፈተ ከዛሬ ወዲያ ዱቤ አልሰጥም። ‹እዚያ ሂዱ› ነው የምለው። ምን ላድርግ፣ ሰው ነኝ።»

«ውይ ሐጂ! አንቱ ደግሞ መቼ በዱቤ ሰጥተው ያውቁና!» አለች ጎረቤቴ።

«የለበስሽው ቀሚስ ታዲያ ከሰማይ ነው የወረደልሽ?»

«ይሄማ ተከፍሎ አለቀ።»

«ለማን ነው የከፈልሽው?»

መምህር ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ወደ መንገዱ ዞሩ። አባም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈን አደረጉ። ጎረቤቴ ግን በሳቁ አልተረታችም፤ እጇን ፈትታ ወደ ሰውየው ቀረበች።

«እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው፣ ወንድም ዓለም። የሚመጣልህ ዕቃ የአምጪው መሆኑን በምን ታውቃለህ?»

«እጠይቃለሁ።»

«ጠይቀህ!» አለች። ሳቀች ደግሞ። እጇን በነጠላዋ ሥር ሰድዳ የአንገቷን የብር መስቀል ከነማተቡ አወጣችው። «ይሄን ባመጣ ትይዝልኛለህ?»

ሰውየው ፈቃድ ጠይቆ ጠጋ አለ። መስቀሉን በመዳፉ ላይ አድርጎ መዘነው፣ ገለበጠው፣ በአውራ ጣቱ አሸው። ሥራውን ሲሠራ ፊቱ ይለሰልሳል።

«ጥሩ ብር ነው። የድሮ አንጥረኛ ሥራ ነው፤ አሁን እንዲህ አይሠሩትም። እይዝልዎታለሁ።»

«የማን ነው?»

«የእርስዎ ነዋ።»

«የእሷ ነው» አለች፣ በአገጯ ወደ እኔ እያመለከተች። «ከልጅ ልጄ ክርስትና ጀምሮ አንገቴ ላይ ነው ያለ። ድስቱን ስሰበስብ ይሄን መመለስ ትዝ እንኳ አላለኝም።»

እኔም ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ሰውየው ወደ እኔ ዞረ።

«እውነት ነው እማማ? የእርስዎ ነው?»

«የእሷ ነው» አልኩ።

አስቤ የተናገርኩት አይደለም። ጎረቤት ያደረገችውን ጌጥ በእንግዳ ሰው ፊት «የኔ ነው» ማለት እኛ ዘንድ ሴቲቱን ማዋረድ ነው። ስትጠየቂ የምትመልሺው አንድ መልስ ብቻ ነው፤ እናቴም እንዲሁ ትመልስ ነበር። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ።

«ኧረ እትዬ! በማርያም!» አለች ጎረቤቴ። «ምን ማለትዎ ነው? እኔ ላስረዳው እለፋለሁ፣ አንቱ ያፈርሱብኛል! የእርስዎ ነው እንጂ!»

«ካደረግሽው ያንቺ ነው።»

«አየህ?» አለችው ለሰውየው። «አየህልኝ?»

ሰውየው እሷንም እኔንም በየተራ አየን። ከዚያ እንደ ነጋዴ ማሰብ ጀመረ። «ምስክር ብጠይቅስ? ዕቃ የሚያመጣ ሁሉ ሁለት ጎረቤት ይዞ ይመጣል፤ የእሱ ነው ብለው ይመሰክሩለታል።»

«ልጄ» አሉ ሐጂ፣ ከመቃኑ ሳይላቀቁ፣ «ምስክር ሲጠየቅ የሚለውን እኮ አሁን በጆሮህ ሰማህ።»

በዚህ ጊዜ መንገዱ ላይ ዝናብ ወረደ። መምህር ደፉ ላይ የነበረውን እግራቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ፣ ሁላችንም ትንሽ ተጠጋጋን። ቆርቆሮው ስለሚጮኽ ለጥቂት ጊዜ መነጋገር አልተቻለም። ከመስኮቱ በላይ ባለው ቀዳዳ ውኃ መንጠባጠብ ጀመረና አባ ጎረቤቴ ወዳለችበት ጥግ ፈቀቅ አሉ። ማንም ወደ ላይ አላየም፤ ለእኔ ሲሉ ነው።

ዝናቡ ጋብ ሲል ሰውየው ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከቶ ነበር። ሞኝ ሰው አይደለም። የአሥር ሴት ዕቃ ይዞ አሥር ሴት ደጃፉ ላይ ብትቆም ምን እንደሚገጥመው ገብቶታል። ግን ክፍሉን ወዶታል።

«እንዲህ ላድርግ» አለ። «ከዚህ ሰፈር ሰው አንድ ዕቃ አልቀበልም። እፈርማለሁ፣ ቃሌ ነው። እኔ የምሠራው ከሐሙሲት፣ ከአንበሳሜ፣ ከገሳይ በገበያ ቀን ከሚመጣው ጋር ነው። የእናንተ ድስትም ካባም ከእኔ ጋር አይተዋወቅም።»

የክፍሉ አየር ተለወጠ። መምህር ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ መፍትሔ ነው» አሉ። «ስብሰባ እንዲህ ሲያልቅ ደስ ይላል።»

«ዱቤውም ባለበት ይቀጥላል» አሉ ሐጂ።

«የትኛው ዱቤ?» አለች ጎረቤቴ፤ ግን ቁጣው ወጥቶላት ነበር። ወደ እኔ መጥታ ክንዴን ያዘች። ለልጄ የሰጠሁትን ቃል ከሰፈሩ ሁሉ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። «እንዲህ ከሆነማ ምን አለበት፣ እትዬ? ጣሪያውም ይሠራል። አንቱም የትም አይሄዱም። በሉ እሺ ይበሉት።»

ሁሉም አዩኝ። ለእኔ ክፉ የሚመኝ እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ከአንድ ሰዓት በፊት ኪራዩን ሊያስቀሩብኝ የመጡት ሰዎች አሁን እንድቀበለው ይለምኑኛል።

«እርስዎስ ምን ይላሉ?» አሉኝ አባ።

እኔ የተወለድኩት ገሳይ ነው። እናቴ ስትሞት በጣቷ ላይ የነበረው ቀለበት የእሷ አልነበረም። ገናዦቹም ያውቁ ነበር፣ አውልቀው ለእኔ ሰጡኝ፣ እኔም ተቀበልኩ፤ የማን እንደሆነ ማንም አልተናገረም። የቀለበቱ ባለቤት በለቅሶው ሁሉ ከጎኔ ተቀምጣ ስታጽናናኝ ሰንብታለች። ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ነው ያወቅሁት፤ እሱንም ከሌላ ሰው ሰምቼ ወስጄ ሰጠኋት። «ምን አስቸኮለሽ?» ነበር ያለችኝ።

ይህን አልነገርኳቸውም።

«አይሆንም» አልኩ።

«ለምን እማማ?» አለ ሰውየው። አልተቆጣም፤ ማወቅ ፈልጎ ነው።

«እኔ የገሳይ ልጅ ነኝ። እዚያም እንደዚሁ ነው። አንበሳሜም እንደዚሁ ነው፤ ካባውን እዚያ ነው ያገኘነው። እዚህ የማትይዘውን ዕቃ ከእነሱም መያዝ የለብህም።»

«ሰፈሩ እኮ ተስማማ፣ እትዬ!» አለች ጎረቤቴ።

«ሰፈሩ ለራሱ ነው የተስማማው።»

ሐጂ ወደ ሱቃቸው አሻግረው አዩ።

«ሌላ ቦታ እከፍታለሁ እኮ» አለ ሰውየው በቀስታ። «መናኸሪያው ጋ አንድ ክፍል አይቻለሁ። እርስዎ ቢከለክሉኝም ቤቱ መከፈቱ አይቀርም።»

«ክፈት፣ ልጄ። እንጀራህ ነው፤ አልከለክልህም። የማዘው በክፍሌ ብቻ ነው።»

እጁን ዘረጋልኝ፣ ጨበጥኩት። ጨዋ ሰው ነው፤ ያን ቀንም፣ ዛሬም ስለ እሱ ክፉ አላስብም።

ጎረቤቴ ክንዴን አልለቀቀችም። «እሺ መስከረምስ?» አለች፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ዝቅ ብላ። ሰሙ ግን። «ለልጅዎ ምን ሊሉ ነው?»

«ቃል ሰጥቻታለሁ። ዛሬ ማታ እደውልላታለሁ።»

«ኧረ ሌላ ተከራይ እንፈልጋለን» አሉ መምህር። «ጊዜ አለ። እድሩም ይጠይቃል፣ እኔም ለማውቃቸው እነግራለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህር» አልኳቸው።

አባ ነጠላቸውን አጣፍተው መስቀላቸውን አሳለሙን፤ ሰዓቱ ደርሶባቸው ቀድመው ወጡ። እኔም ነጠላዬን አስተካከልኩ፣ ክንዴን ከጎረቤቴ እጅ ቀስ ብዬ አወጣሁ፣ በመሀላቸው አልፌ አባን ተከትዬ ወደ ቅዳሴው በመንገዱ በር ወጣሁ።